ቤዝ ጊታራችሁን «ዷ» ለማሰኘት

የዛሬ አራት ዓመት ነው። ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር፣ ሰርግ እየተጫወትን ነው። በእግር ሲረገጥ የቤዝ ጊታሬን ድምፅ የሚለውጠው ፔዳል እጄ ከገባ ገና ሳምንቱ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ በካልሲ ጠቅልላ በሻንጣዋ ነው ያመጣችልኝ። ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫ ስሞክረው አንደኛ ነበር። ታዲያ ዘፋኛችን ቀስ ያለ ትዝታ ሲጀምር፣ እኔም ጊዜው አሁን ነው ብዬ ረገጥኩት።

ቤዙ ጠፋ። በምትኩ ዳክዬ መጣች። «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» እያለች በትዝታው መሀል ተንጎራደደች። ዘፋኙ ዞር ብሎ አየኝ። ድራመሩ አንገቱን ከሲምባሉ ስር ደብቆ ይስቃል። ከሙሽራው ወገን የነበሩ አንድ አባት ወደ ሳውንድ ማኑ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ስፒከሩ ተቀደደ እንዴ?» አሉት። ሳውንድ ማኑ ጥፋቱ የሱ መስሎት ደንግጦ ቻናሌን ዘጋው። ሁለት ዘፈን ሙሉ ያለ ቤዝ ሄደ።

ያ ፔዳል ኤንቨሎፕ ፊልተር ይባላል። አሁን ካሉኝ ፔዳሎች ሁሉ የምወደው እሱን ነው። በሳምንት ሦስት ማታ ሆቴል እጫወታለሁ። ቀን ቀን እዚሁ ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ አምፕሊፋየርና ሚክሰር እጠግናለሁ። ቤዝ የማስተምረው አንድ ልጅ አለ፣ ቸርች የሚያገለግል። ሰሞኑን እሱም ይህንኑ ፔዳል አግኝቶ በቀን አሥር ጊዜ እየደወለ ፋታ ነሳኝ። ለሱ በስልክ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው። ሌላውም ይጠቀምበት፣ እኔም ልረፍ።

ኤንቨሎፕ ሲባል እዚህ ጋ ፖስታ አይደለም። ክሩን ስትመቱት ድምፁ ድንገት ይነሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይሞታል። ያ አነሳሱና አወራረዱ ነው ኤንቨሎፕ የሚባለው። ፊልተር ደግሞ ወንፊት ነው። የፈለገውን ያሳልፋል፣ የቀረውን ያስቀራል። ሁለቱ ሲገናኙ ወንፊቱ በምታችሁ ልክ ይከፈታል፣ ድምፁ ሲሞት አብሮ ይዘጋል።

በአፋችሁ ሞክሩት። «ኡ» በሉና ድምፁን ሳታቋርጡ አፋችሁን ወደ «አ» ክፈቱ። «ኡዋ» ይላል። ጉሮሯችሁ የሚያወጣው ያንኑ አንድ ኖታ ነው፤ የተለወጠው የአፋችሁ ቅርፅ ነው። ከንፈር ሲጠብ ቀጭኑ የድምፅ ክፍል ይታፈናል፣ ሲከፈት ይወጣል። ፊደላችን ለዚህ ነገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ቤዝ ያለ ፔዳል «ዱ» ይላል። በፔዳል «ዷ» ይላል። ፔዳሉ ተገልብጦ ሲሠራ፣ ማለትም ከተከፈተ ጀምሮ ወደ መዘጋት ሲሄድ፣ «ዳው» ይላል። ሲበዛበት «ኳ» ይላል፤ የሰርጉ ዳክዬ ያ ነበር። ከዚህ በኋላ በነዚህ ፊደሎች ነው የምናወራው።

ከውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ በር ላይ የቆመ ዘበኛ አስቡ። ቀስ ብሎ ለሚያንኳኳ በሩን ገርበብ ያደርጋል። ለሚደበድብ ወለል አድርጎ ይከፍታል። እንግዳው ሲያልፍ መልሶ ይዘጋል። ክራችሁን በመታችሁ ቁጥር እያንኳኳችሁ ነው። በአንዳንዶቹ ፔዳሎች ውስጥ ዘበኛው የእውነት መብራት ይዟል። ምቱ ሲጠነክር አንዲት ትንሽ መብራት ትደምቃለች። ከጎኗ ያለው ብርሃን የሚያይ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መገቻ፣ መጠኑ ይወርዳል፣ ፊልተሩም ይከፈታል። እንደ ፈረንጆቹ በ1972 የወጣው ሙ ትሮን 3 በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ዛሬ ለምናያቸው የዚህ ዓይነት ፔዳሎች አባት የሚባለው እሱ ነው፤ የነደፈው ማይክ ባይግል የሚባል አሜሪካዊ ነው። ስቲቪ ዎንደር በ1973 ክላቪኔት የሚባለውን የኤሌክትሪክ ኪቦርዱን በሱ አሳልፎ ቀዳ። ቤዝ ተጫዋቹ ቡትሲ ኮሊንስ ደግሞ ቤዙን አስገባበትና ፋንክ ለሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ የቤዝ መታወቂያ አደረገው። እንደ ጠጋኝ እኔን የሚደንቀኝ ግን ያቺ መብራት ናት። ሙዚቃው ወደ ብርሃን ተቀይሮ ተመልሶ ሙዚቃ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን እንዳታምታቱ። ብዙ ኤፌክት አንድ ላይ በያዙ ፔዳሎች ውስጥ «ኦቶ ዋ» የሚል ታገኛላችሁ። አንዳንዱ ኤንቨሎፕ ፊልተር ራሱ ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የተለየው። አንዳንዱ ግን በራሱ ሰዓት የሚከፈትና የሚዘጋ ነው። ክሩን ነካችሁም ደበደባችሁም ለሱ ያው ነው። መለያው ቀላል ነው። አንድ ረጅም ኖታ መትታችሁ ያዙ። «ዷ» ብሎ ከተዘጋ ይህ የኛው ነው። «ዋ፣ ዋ፣ ዋ» እያለ ከቀጠለ የሌላ ሰፈር ልጅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ዋ የሚባለውን ሌላኛውን ፔዳል የሚያጫውተው እግር ነው። ይህን የሚያጫውተው የቀኝ እጃችሁ ጣት ነው። እኔ ከሰርጉ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ማዞሪያ ሳዞር ከረምኩ። የዩቲዩብ አስተካከል እየገለበጥኩ ሞከርኩ። አልሆነም። ችግሩ እጄ ላይ ነበር። ለዓመታት ጫጫታ ባለበት አዳራሽ ስጫወት ሁሉንም ኖታ በአንድ ኃይል መምታት ለምጃለሁ። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው መኪና በሉኝ። ዘበኛው ሁሌ አንድ ዓይነት ማንኳኳት ከሰማ በሩን ሁሌ አንድ ዓይነት ነው የሚከፍተው። ያኔ ፔዳሉ ያልቃል፤ «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» ነው የሚቀረው።

ስለዚህ ፔዳሉን ሳትሰኩ ጀምሩ። የሬ ክር (ከወፍራሙ ሲቆጠር ሦስተኛው) ሰባተኛ ፍሬት (የአንገቱ የብረት መስመር) ላይ ያለውን ላ ያዙ። አራት ጊዜ ምቱት፦ መጀመሪያ ሕፃን እንደማይቀሰቅስ፣ ቀጥሎ እንደ ወሬ፣ ቀጥሎ ጠንከር፣ በመጨረሻ በኃይል። ከዚያ ተመልሳችሁ ውረዱ። ድምፁ ደረጃ ደረጃ ሆኖ እስኪሰማችሁ ድረስ። ለኔ ተማሪ ይህ አምስት ቀን ፈጀ፤ ለኔ ሁለት ሳምንት፣ ምክንያቱም የለመደ እጅ ከጀማሪ እጅ ይብሳል። ሰዎች ጠንካራውን ነው የሚለማመዱት። አስቸጋሪው ቀስታው ነው። የመጀመሪያዋ ምት በእውነት ቀስ ያለች ካልሆነች ፔዳሉ «ዱ» የሚልበት ቦታ አያገኝም። «ዱ» ከሌለ ደግሞ «ዷ» ማንንም አያስደንቅም።

ሁለተኛው የእጅ ጉዳይ የግራ እጅ ነው። ኖታውን አሳጥሩ። በሩ ተዘግቶ ሳያልቅ ሌላ ማንኳኳት ከመጣ ዘበኛው ክፍት አድርጎ ይተወዋል። እንግዲህ ማን ይዘጋና ይከፍታል? ጣታችሁን ከፍሬቱ ሳታነሱ ጫናውን ብቻ ልቀቁ፤ ድምፁ ይቆማል፣ በሩ ይዘጋል፣ ቀጣዩ ኖታ እንደ አዲስ «ዷ» ይላል።

እጃችሁ ሲገራ ወደ ማዞሪያው እንሂድ። የኔው ኤም ኤክስ አር ኤም 82 ነው፤ አምስት ማዞሪያ አለው። ሌላ ዓይነት ካላችሁ ስሞቹ ይለያዩ ይሆናል እንጂ ሥራቸው ተመሳሳይ ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ሰዓት።

ፈረንጆች የማዞሪያን ቦታ በሰዓት ነው የሚናገሩት። እኔም ለምዶብኝ ለልጁ በስልክ «ሴንሱን ሦስት ሰዓት ላይ አድርገው» አልኩት። እኔ ማዞሪያው ወደ ቀኝ እንዲያመለክት ነበር ያሰብኩት። እሱ ግን ሐበሻ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን አጭሩ ቆጣሪ የት እንደሚቆም አሰበና ወደ ግራ፣ ፈረንጅ ዘጠኝ የሚለው ላይ አደረገው። «ጋሼ፣ ምንም አይሰማም፤ ፔዳሉ ሞቷል» አለኝ። ሃያ ደቂቃ ኬብል ስናስመረምር ቆየን። ስለዚህ እዚህ ሰዓት የለም። ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ 0፣ መሀል ላይ ቀጥ ሲል 5፣ ሙሉ ወደ ቀኝ 10 ነው።

ሴንስ የሚለው የዘበኛው ጆሮ ነው። ከሁሉም በፊት የሚስተካከለው እሱ ነው። ከ0 ጀምሩ። በዘፈኑ ውስጥ የምትመቱትን በጣም ጠንካራውን ኖታ እየመታችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። ጠንካራው ኖታ ሙሉ «ዷ» ያለበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ ከዚያ አትለፉ። አሁን ቀስ ብላችሁ ምቱ። «ዱ» ካለ ጨርሳችኋል። ቀስታውም «ዷ» ካለ ጆሮው በዝቷል፣ ቀንሱ። ቤዛችሁ ባትሪ የሚበላ አክቲቭ ከሆነ የሚወጣው ሲግናል ጠንከር ስለሚል ሴንሱ ዝቅ ብሎ ነው የሚስተካከለው። እኔ ባትሪ በሌለው ፓሲቩ ቤዜ 6 አካባቢ እሆናለሁ፣ የጓደኛዬን አክቲቭ ስሰካ ወደ 3 እወርዳለሁ። ቤዙ ላይ ያለውን ቮልዩም ሙሉ አድርጋችሁ ነው ይህን የምታስተካክሉት። በዘፈኑ መሀል የቤዙን ቮልዩም ትንሽ ቀነስ ስታደርጉ ዘበኛው ይደነቁራል፣ ድምፁ ለስለስ ይላል። ይህ በራሱ ጥሩ ዘዴ ነው፤ ሳታጎነብሱ ፔዳሉን ማስተካከል ማለት ነው።

ኪው የምትለዋ ፊደል የአፉ ሹልነት ናት። ዝቅ ስትል «ዷ» ለስላሳ ናት፣ ከፍ ስትል ፉጨት ይጨመርባታል። ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ስንሞክር ሁላችንም 8 እና 9 ላይ ነው የምናደርጋት፤ ያስቃል፣ ደስ ይላል። ከባንድ ጋር ግን 4 በቂ ነው። ኪው ከፍ ሲል አንዳንድ ኖታ ድንገት ብድግ ብሎ ይጮኻል። እሱ ጩኸት ስፒከር ሊጎዳ ይችላል። ሱቄ የሚመጣ የተቀደደ ስፒከር ሁሉ በዚህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን መጀመሪያ ስትሞክሩ አምፑን ዝቅ አድርጋችሁ ይሁን።

ዲኬይ በሩ የሚዘጋበት ፍጥነት ነው። ፈጣን ዘፈን ላይ አሳጥሩት፣ ቀስ ያለ ላይ አስረዝሙት። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

የቀሩት ሁለቱ ድራይና ኤፍ ኤክስ ናቸው። ሰርጉ ላይ ያዋረዱኝ እነሱ ናቸው፤ ትንሽ እንቆይባቸው።

የቤዝ ባዶው ሚ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ ነው የሚርገበገበው። ላ 55፣ ሬ 73፣ ሶ 98። አዳራሹን የሚሞላው፣ ጨፋሪው በደረቱ የሚሰማው ይህ ወፍራሙ ነው። ፊልተሩ ደግሞ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚጫወትበት ሰፈር ከዚያ በላይ ነው። አንዳንዱ ፔዳል ከታች ያለውን ጭራሽ ይቆርጠዋል። ባንድ ፓስ የሚባለው አሠራር ላይ ከላይም ከታችም ስለሚቆረጥ መሀሉ ብቻ ይቀራል። በጆሮ ማዳመጫ አይታወቅም። ብቻችሁን ስትሆኑ ጆሯችሁ «ዷ»ውን ነው የሚያደንቀው። ድራሙ ሲገባ ግን ወለሉ የለም። ባንዱ አየር ላይ ይቀራል።

ድራይ ማለት ፊልተሩ ያልነካው ንፁሁ ቤዝ ነው። ኤፍ ኤክስ የፊልተሩ ድምፅ ነው። እኔ ሰርጉ ላይ ድራዩን 0 አድርጌው ነበር፤ ፔዳሉ በደንብ እንዲሰማ ብዬ። አሁን ድራይ 6፣ ኤፍ ኤክስ 5 ላይ ነው የምጀምረው። ወፍራሙ ከታች ቆሟል፣ «ዷ»ው ከላይ ይናገራል። ፔዳሉን ስትረግጡና ስትለቁ የድምፁ መጠን እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ረገጣችሁ ቤዙ ከሸሸ ድራዩን ጨምሩ።

የናንተ ፔዳል ድራይ ከሌለውስ? መላ አለው። ቤዙን በሁለት ክፈሉት። አንዱ ኬብል በፔዳሉ አልፎ ወደ ሚክሰሩ አንድ ቻናል ይሂድ፣ ሌላው በቀጥታ ወደ ሌላ ቻናል። ንፁሁን አስቀድማችሁ አስተካክሉ፣ ከዚያ የፔዳሉን ቀስ እያላችሁ አምጡት። ሁለቱን አንድ ላይ ስትከፍቱ ቤዙ ከመወፈር ይልቅ ከቀጠነ ሁለቱ ሲግናሎች እየተጣሉ ነው ማለት ነው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ሚክሰሩ ላይ ይህን መግፋትና መሳብ (ፌዝ ይሉታል) የምትገለብጥ ቁልፍ ካለች ንኩ፤ ብዙ ጊዜ ይታረቃሉ።

ሌላው መፍትሔ ፍሬት መቀየር ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ከሚ ክር ውጡ። ላና ሬ ክር ላይ፣ ከአምስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት፣ ፊልተሩ የሚነክሰው ነገር ብዙ ነው። እዚያ ሰፈር ፔዳሉ ይናገራል። ሚ ክር ላይ ያጉረመርማል።

የሚነከስ ነገር ካልን ደግሞ፦ ፊልተር የሌለውን ድምፅ አይፈጥርም፤ ያለውን ነው የሚከፍተውና የሚዘጋው። ክራችሁ አሮጌና የደነዘዘ ከሆነ በሩ ቢከፈትም የሚወጣ እንግዳ የለም። ቤዙ ላይ ያለውን ቶን ሙሉ ክፈቱት። ሁለት ፒክአፕ (የክሩን ድምፅ የሚይዙት ማግኔቶች) ካላችሁ ክሮቹ ከታች ወደሚታሰሩበት ድልድይ የቀረበውን ጨምሩ። አዲስ ክር ደግሞ ዋጋው ይታወቃል፣ እዚህ ሐዋሳ እንደልብ አይገኝም። እኔ እቀቅላለሁ። አዎ፣ ክሩን ፈትቼ ጠቅልዬ ውሃ ውስጥ አሥር ደቂቃ አፈላዋለሁ፣ በደንብ አደርቀዋለሁ፣ መልሼ አስራለሁ። ላቡና ቆሻሻው ይወጣና ለተወሰነ ጊዜ ይታደሳል። ባለቤቴ አንድ ቀን በሹሮ ድስቷ ይህን ስሠራ ደረሰችብኝ። አሁን የራሴ ድስት አለችኝ።

ፔዳል ከአንድ በላይ ላላችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ፊልተሩን ወደ ቤዙ አቅርቡት። ከኮምፕረሰር በኋላ አታድርጉት። ኮምፕረሰር ቀስታውን ያነሳል፣ ጠንካራውን ይጫናል፤ ዘበኛው ጋ የሚደርሰው ሁሉ እኩል ማንኳኳት ይሆናል። ያ ሁሉ የጣት ልምምድ ውሃ በላው። ኮምፕረሰሩን ከፊልተሩ በኋላ ስታደርጉት ግን ብድግ የሚሉትን ኖታዎች ልክ ያስገባል፣ ስፒከሩንም ይጠብቃል። ኦክታቨር (ያንኑ ኖታ አንድ ኦክታቭ አውርዶ የሚጨምረው) ካላችሁ ከፊልተሩ በፊት ይሁን። ሁለቱ ሲገናኙ የድሮ ሲንተሳይዘር ይመስላል፤ ኪቦርዲስታችን መጀመሪያ የሰማ ቀን ማሽኑን ዞሮ አየ። ድምፁን የሚያሻክሩት ዲስቶርሽንና ፈዝ አከራካሪ ናቸው። ከፊት ሲሆኑ ለፊልተሩ ብዙ የሚነከስ ይሰጡታል፣ ግን እንደ ኮምፕረሰር ሁሉንም እኩል ያደርጋሉ። ከኋላ ሲሆኑ የእጅ ልዩነቱ ይቀራል፣ «ዷ»ው ግን ይደፈርሳል። እኔ ከኋላ ነው የማደርገው። ድምፁን የሚያበዛው ኮረስና የሚያስተጋባው ዲሌይ ሁሌም መጨረሻ።

አሁን የጠጋኝ ምክር። አብዛኞቹ ፔዳሎች 9 ቮልት ይፈልጋሉ፣ የመሰኪያው መሀል ነጌቲቭ ነው። ከሱቅ የሚገዙት ብዙዎቹ አዳፕተሮች ግን መሀላቸው ፖዘቲቭ ነው። ቮልቱም ፖላሪቲውም የሚቀያየር አዳፕተር ከሆነ ደግሞ አንድ ልጅ እቤት ነካክቶት 12 ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። ቴስተር ከሌላችሁ አንዱ ጠጋኝ ጋ ሂዱ፤ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ለዚህ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ተሳስቶ የተሰካባቸው ፔዳሎች ሱቄ መጥተዋል። ከፊሎቹ ድነዋል።

ርካሽ አዳፕተር ሌላም ጣጣ አለው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። በደንብ ያልተጣራ አዳፕተር በእጥፉ፣ በ100 ኸርዝ ያጉረመርማል። ባዶው የሶ ክር 98 ነው ብለናል። ጉርምርምታው ከክራችሁ ጎን ተቀምጧል፣ ፊልተሩም እንደ ኖታ ቆጥሮ ያጎላዋል። ሳትጫወቱ «ዝዝዝ» ካለና ፔዳሉን ስትረግጡ ከባሰ በባትሪ ሞክሩት። በባትሪ ዝም ካለ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ያለውን ኳኳታ አስቡና ባትሪ በቦርሳ መያዝ አይከፋም። በባትሪ ከሆነ ግን ስትጨርሱ ኬብሉን ከፔዳሉ መግቢያ ንቀሉ። አብዛኞቹ ኬብል እንደተሰካባቸው ካደሩ፣ ባትረግጡትም ባትሪውን ጠዋት ጨርሰው ነው የሚጠብቋችሁ።

ወደ ሙዚቃችን እንምጣ፤ ልጁ በጣም የጠየቀኝ ይህንን ነው። የምታዩት ማስተማሪያ ቪዲዮ ሁሉ ፋንክ ነው፣ በአራት የሚቆጠር። የኛ ጭክጭካ በስድስት ነው። እንዴት ይሁን?

ጭክጭካ ለዚህ ፔዳል ቤቱ ነው። ስድስቱን ቁጠሩ። አንድ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ፣ አራት ላይ ትንሽ ቀነስ። ሁለትና አምስት ላይ ቀስ ያለች አጭር ኖታ። ሦስትና ስድስት ላይ ክሩን በግራ እጅ አፍናችሁ ደረቁን ነካ። «ዷ ዱ ጭ፣ ዷ ዱ ጭ»። በአፋችሁ እያላችሁት ተጫወቱ፤ አፋችሁ ካለው እጃችሁ ይከተላል። መጀመሪያ በጣም ቀስ ብላችሁ ጀምሩ፣ ዲኬዩን 3 ላይ አድርጋችሁ። «ዱ»ዋ ላይ በሩ ተዘግቶ መገኘት አለበት።

አስቸጋሪዋ «ጭ» ናት። ዘበኛው ኖታና የታፈነ ክር አይለይም፤ እሱ የሚሰማው ማንኳኳት ነው። «ጭ»ን በኃይል ከመታችኋት በሩን ትከፍተዋለች፣ ቀጥሎ የሚመጣው «ዷ» ከተከፈተ በር ይነሳል፣ ጣዕሙ ይጠፋል። ስለዚህ «ጭ» ከሁሉም ቀስ ያለች ትሁን። ከድራመሩ ሃይ ሃት (በእግር ከሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) ጋር አጋጥሟት፣ ድምፁን እሱ ያወጣላችኋል።

ትዝታ ላይስ? ተምሬያለሁ። ዘፋኙ እየዘፈነ እያለ አልረግጠውም። ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ ሲወስድ፣ በዚያች ክፍተት ብቻ። ዶ ሬ ሚ ሶ ላ ነው ያለን፤ ከላ ጀምሬ ወደ ሶ፣ ወደ ሚ እወርዳለሁ፣ ዲኬዩን ረዘም፣ ምቱን ለስለስ አድርጌ። እንደ ማልቀስ ይሆናል። ሁለት ሦስት ኖታ፣ ከዚያ እለቃለሁ። ያው ሰርግ ቤት ደግሞ ባለፈው ጥር ተጫወትን፤ ማንም ስለ ስፒከር አልጠየቀም።

አንቺ ሆዬ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶ ፍላት፣ ላ ነው። ፋና ሶ ፍላት ጎን ለጎን ናቸው፣ አንድ ፍሬት ነው የሚለያያቸው። ፊልተሩ የራሱን ጫፍ ሲጨምርበት የትኛውን እንደመታችሁ አይታወቅም፣ ቅኝቱ ይንሸዋረራል። አምባሰልም ላይ እንዲሁ፣ ዶና ሬ ፍላት፣ ሶና ላ ፍላት ጎረቤት ናቸው። ወይ ኪውን ወደ 2 አውርዱ፣ ወይ ተዉት። እኔ እተወዋለሁ። ማሲንቆ ወይም ክራር አብሮ ሲጫወትም አልረግጥም፤ የነሱም ድምፅ በዚያው ሰፈር ነው የሚኖረው፣ እንግዳ ሆኖ የሰው ወንበር መያዝ ነው። ሊድ ጊታሪስቱ ዋ ፔዳል ከረገጠ ደግሞ አንዳችሁ ልቀቁ። በኛ ባንድ በዓይን ነው የምንነጋገረው። እሱ ታላቄ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የምለቀው እኔ ነኝ።

ከዝግጅት በፊት ረጅም ኬብል ስኩና ወደ ጠረጴዛዎቹ መሀል ውጡ። መድረክ ላይ የምትሰሙትና አዳራሹ የሚሰማው አንድ አይደለም። በኔ ሆቴል አስተናጋጇን ነው የምጠይቃት። «ዛሬስ ዳክዬዋ አለች?» እላታለሁ። «የለችም» ካለች እንጀምራለን።

የመጨረሻው ነገር። ሐዋሳ ውስጥ ዕቃ የምናጓጉዘው በባጃጅ ነው። ከአቶቴ እስከ ሐይቁ ዳር ስትደርሱ ማዞሪያው ሁሉ ቦታውን ቀይሮ ይጠብቃችኋል። የምትወዱትን ቦታ ካገኛችሁ በኋላ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉበት፤ አይለቅም፣ በደብዛዛ መብራትም ይታያል። የኔው ቀይ ነው። ድስቱን ከመለስኩላት በኋላ ባለቤቴ ናት የሰጠችኝ።